ዘመድ የሌለበት አውሮፕላን ማረፊያ

ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም ይላሉ አባቶች። ይህን ያሉት ግን ሦስት አውሮፕላን ማረፊያ መሀል ተቀምጦ ወደ አዲስ አበባ ለመብረር የሚያስብ ጋይንቴ ሳያጋጥማቸው ነው። እኛ የጋይንት፣ የንፋስ መውጫ ሰዎች ባሕር ዳር አለን፣ ጎንደር አለን፣ በምሥራቅ በኩል ደግሞ ላሊበላ አለን። ሦስቱም አይርቁም፤ ሦስቱም አይቀርቡም። እናንተ ከተሜዎቹ ስልካችሁን ከፍታችሁ የሚመቻችሁን ሰዓት ትመርጣላችሁ። እኛ ዘንድ መጀመሪያ የሚጠየቀው በየትኛው መንገድ ላይ ማን ዘመድ አለ የሚለው ነው። የዘመድን ደጅ ሳይረግጡ ማለፍ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ኩርፊያ ያመጣላ።

አክስቴ ወይዘሮ ጥሩዬ ይህን ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ልጃቸው ዝናሽ አዲስ አበባ ላይ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ወሯ ገብቷል። ባሏ ለሥራ ሩቅ አገር ሄዶባት፣ «እማ፣ ብቻዬን እንዳልወልድ ድረሽልኝ» ብላ ደወለች። አክስቴ ለገንፎ የሚሆን የገብስ ዱቄትና ቅቤ ቋጥረው እኔ ቤት ከች አሉ።

«በባሕር ዳር ይሻላል» አልኳቸው።

«ደብረ ታቦር ላይ ሁለት ያጎቴ ልጆች አሉ፤ ወረታ ላይ ደግሞ የክርስትና ልጄ። አንዱ ምሳ፣ አንዱ አዳር ሲለኝ፣ ልጄ ወልዳ ክርስትና ታስነሳለች።»

ጎንደርም መንገዱ ያው በወረታ ነው። ስለዚህ ላሊበላ ተቆረጠ። «በዚያ በኩል የሚያውቀኝ የለም» አሉ፣ ደስ ብሏቸው። አብሬያቸው ልሄድ ነውና ለእኔም አደራ ሰጡኝ፤ መንገድ ላይ የማን ልጅ ነህ የሚል ቢመጣ ዝም እንድል። እስቲ ፍረዱኝ፣ አባቱን ሲጠየቅ ዝም የሚል ጋይንቴ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ጋሸና ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን በኮንትራት የያዝነው ሚኒባስ ሹፌር የማን ልጅ ነህ ብሎ ጠየቀኝ። የአባቴን ስም ብቻ ነግሬው ላቆም ነበር። እሱ አንድ አያት ጠራ፣ እኔ አንድ ጨመርኩ፣ አምስተኛው ላይ ተገናኘን። መኪናውን አቁሞ ወርዶ የአክስቴን ጉልበት ሳመ። እሳቸው እኔን ያዩበትን ዓይን ለጠላቴም አይስጠው።

«እናቴ ቤት እህል ሳትቀምሱማ አታልፉም» አለ።

አክስቴ ልጃቸው ብቻዋን ልትወልድ እንደሆነ ነገሩት። ሹፌሩ ደነገጠና አዲስ አበባ ላለችው እህቱ ደውሎ፣ «ዘመዳችን ሰው የላትም፣ ሂጂ» ብሎ የዝናሽን ስልክ ሰጣት። እንግዲህ ይለቀናል ስንል ጭራሽ ምሳው ባሰበት። ለካ አስቀድሞ ደውሎላቸው ኖሮ፣ እናቱ ዶሮ አሳርደው ቆዩን። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እያሉ አክስቴን ትከሻቸውን ይዘው ያስቀምጧቸዋል። እኔ፣ መዋሸት አይገባም፣ በላሁ። አክስቴ አልበሉም።

አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ስንደርስ በረራው ከሄደ ቆይቷል። ሹፌሩ አንገቱን ደፋ። እኔም መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ፤ ያቺን ልጅ ያስጨነቅኳት በምላሴ ነውና።

ስልኬ ጮኸ። የማላውቃት ሴት ናት።

«እንኳን ማርያም ማረቻት በሉ። ሴት ልጅ» አለች። የሹፌሩ እህት ነበረች። ዝናሽ ምጥ የያዛት ከጠዋት ጀምሮ ነው፤ እናቴን መንገድ ላይ አላስጨንቅም ብላ ደብቃን ነው። እጇን ይዛ ሆስፒታል ያደረሰቻት፣ እስክትገላገልም አጠገቧ የቆመችው ይህች ሴት ናት። ያመለጠን አውሮፕላን ገና አየር ላይ ነበር፤ ብንሳፈርበትም አንደርስም።

አክስቴ መሬት ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ። የደስታ ብቻ አልነበረም፤ ልጃቸው በሰው እጅ መውለዷ ቆጭቷቸዋል፤ ያቺን ሴት ደግሞ ይመርቃሉ። እኔም ነገሩ በረድ ያለ መስሎኝ፣ «በሰላም ከተገላገለችማ ምን ያጣድፈናል? ተመልሰን በባሕር ዳር በኩል ዘመድ እየጠየቅን ቀስ ብለን እንሂድ» አልኩ።

«ዘመድ ደርሶላታል» አሉ፣ ተነሥተው ነጠላቸውን እያስተካከሉ። «እናቷ ግን ገና አልደረሰችላትም።»

ቋጠሯቸውን አንሥተው ትኬት ወደሚያየው ወጣት ሄዱ።

«እማማ፣ የነገው ሞልቷል፤ ወንበር የለም» አላቸው።

«ግድ የለም ልጄ፣ ቆሜ እሄዳለሁ።»

ልጁ ሳቀ። አክስቴ አልሳቁም።