ታላቁ ዝምታና የግራ መንጋጋ

ሥነ ጽሑፍ ባለውለታዎቿን አትረሳም ይባላል። እንግዲያውስ ከባለውለታዎቿ ሁሉ የላቀው የአንድ ደራሲ አባት የግራ መንጋጋ ነው፤ እስካሁን ሐውልት ያልቆመለት ቦታ ጠፍቶ ብቻ ነው።

አባትየው ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጉንጫቸውን በመዳፋቸው ደግፈው፣ በመስኮቱ አሻግረው እያዩ፣ ከሰው ሳይነጋገሩ ኖረዋል። «እንደምን አደሩ?» ላላቸው ሁሉ መልሳቸው «እምም» ነበር። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ አበው፤ ከእሳቸው የተዘጋ አፍ ግን ሦስት ወፋፍራም ልብ ወለድ ወጣ። ልጃቸው ወረቀቱን ይዞ ፊት ለፊታቸው ይቀመጥና እሳቸው ባቃሰቱ ቁጥር አንድ አንቀጽ ይጽፋል። ሃያሲያን «ያልተነገረው የትውልድ ቁስል» አሉት። አንዱማ ስለ ጉንጭ አደጋገፋቸው ብቻ አርባ ገጽ ጽፎ ዲግሪ ያዘበት።

አራተኛው መጽሐፍ ግማሽ ላይ ደርሶ፣ አሳታሚውም «በወሩ መጨረሻ ካላስረከብክ ውላችን ፈረሰ» ብሎ ሳለ፣ ታላቅ አደጋ ደረሰ። አባትየው ጥርሳቸውን ተነቀሉ።

ደራሲው እሁድ ረፋድ ላይ ለምዕራፍ አሥራ አንድ የሚሆን ሰቆቃ ፍለጋ ወላጆቹ ቤት ሲገባ አባትየው ካሮት እየቆረጠሙ ይስቃሉ።

«አባዬ! ምን ሆነህ ነው?»

«ተነቀልኩታ!» አፋቸውን በርግደው ጉድጓዱን አሳዩት። «መርፌ ፈርቼ ስንት ዘመን ተሰቃየሁ መሰለህ! ሐኪሟ ‹ጨርሰናል› ስትለኝ ገና የጀመረችም አልመሰለኝም ነበር።»

«እና… ቁስሉ?» አለ ደራሲው።

«ድዱ? በጨው ውሃ እየተጉመጠመጥኩ ነው፤ ደህና ነው።»

እናትየው ከጓዳ ብቅ አሉ። «‹አባትህን ጥርሱን ነው የሚያመው› ስልህ ‹እማዬ፣ ተምሳሌት አይገባሽም› አላልከኝም?»

ደራሲው ግን በቀላሉ እጅ የሚሰጥ አልነበረም። እንደ ልማዱ ፊት ለፊት ተቀምጦ ብዕሩን አነሳ። አባትየው ወንበራቸውን አስጠጉ።

«ልጄ፣ የምጠይቅህ ነገር ስንት ዓመት ተጠራቅሞብኛል። መጀመሪያ ትምህርት ቤት የገባህ ቀን እንደዚያ ያለቀስከው ምን ሆነህ ነበር?»

«ቆይ አባዬ።»

«ሚስትህስ? ለምን ሄደች? ማንም እኮ አልነገረኝም።»

«አባዬ፣ በናትህ ዝም በል! ስለ ዝምታህ እየጻፍኩ ነው!»

አባትየው አፋቸውን ገጠሙ። የተገመጠውን ካሮት ሳህኑ ላይ መልሰው ወደ መስኮቱ ዞሩ።

ደራሲው ብዕሩን ወረቀቱ ላይ አሳረፈ። ያው ትከሻ፣ ያው አንገት፣ እንዲያውም ከድሮው የጠለቀ ዝምታ!

«እማዬ፣ ተመለሰልኝ!» አለ በሹክሹክታ። «አደራ፣ እንዳታናግሪው!»

«አስከፍተኸው እኮ ነው አንተ! ይቅርታ ጠይቀው።»

«ከመጨረሻው ምዕራፍ በኋላ።»

አባትየው ሁለት ሳምንት ቃል አልተነፈሱም፤ መጽሐፉም በቀጠሮው ቀን ለአሳታሚው ደረሰ። ደራሲው ይቅርታውን ግን ከሃያሲያን ምስጋና ጋር አንድ ላይ ይዞ ሊሄድ አሰበ።

ሃያሲያኑ ፍርዳቸውን በአንድ ድምፅ ሰጡ፦ የደራሲው ብዕር መዶልዶሙ ያሳዝናል። በተለይ የአባትየው ዝምታ ፈጽሞ አያሳምንም። እኚህ ሰው ምን ሆነው እንደሚያኮርፉ ከሽፋን እስከ ሽፋን ቢፈለግ አይገኝም፤ ደራሲውም ቢሆን የሚያውቀው አይመስልም።