በጆሮዬ የሚቆጥረው ማስተር ጀውሀር

አበሻ ሦስት ሆኖ በሚኖርበት አገር ሁሉ አንድ ኪቦርድ ተጫዋች አይጠፋም። የቀሩት የሁለቱ ሥራ እሱ እስኪዘጋጅ መጠበቅ ነው። ሽቦ ይሰካል፣ ይነቅላል፣ "አንድ፣ ሁለት፣ ቼክ" ይላል፣ መልሶ ይነቅላል። ሙሽሮቹ በር ላይ ቢቆሙም አይደነግጥም፤ ለሱ ሰርግ የሚጀምረው ድምፁ ሲስተካከል ነው። እናንተም ታውቁታላችሁ። የናንተው ደማም ወይም ቤሩት ይኖር ይሆናል። የኛው ግን ጅዳ፣ ሂንዳዊያ ውስጥ፣ ከአንድ ዳቦ ቤት በላይ ይኖራል። ክቡር ማስተር ጀውሀር ይባላል።

"ክቡር" የምትለዋ የኔ ጭማሪ ናት። "ማስተር"ን ራሱ ነው የጨመረው።

ሳምንቱን የሰው ቤት ሲያቀዘቅዝ ይውላል፤ ሙከይፍ፣ የአየር ማቀዝቀዣውን ማለቴ ነው፣ ጠጋኝ ነው። እኔ ደግሞ ሰዓዳ እባላለሁ። ሳምንቱን ማዳሜ ቤት አበስላለሁ፣ አጸዳለሁ። ዓርብ እረፍቴ ነው፤ ሰርግ ከተገኘ እዘፍናለሁ። ከበሮ የምትመታው ሲቲ እዚሁ ጅዳ ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት፤ ከአማርኛዋ ግማሹ ዓረብኛ ነው። ባንዱ እንግዲህ ይኸው ነው፤ ሁለት ሴትና አንድ ጀውሀር። የቀረው ሰው በሙሉ ኪቦርዱ ውስጥ ነው ያለው።

ጀውሀር ከሥራ መልስ ድራሙን፣ ቤዙን፣ ማሲንቆውን፣ ጭብጨባውን አንድ በአንድ እየተጫወተ ኪቦርዱ ውስጥ ይቀዳቸዋል፤ ትራክ ይለዋል። ዓርብ ዕለት አንድ ቁልፍ ሲጫን ያ ሁሉ ሰው አብሮ ይነሳል፤ እሱ በላዩ ላይ ዜማውን በእጁ ይጫወታል። ከኪቦርዱ ሁለት ሽቦ ይወጣል። በግራው ሙዚቃው ወደ ስፒከር ይሄዳል። በቀኙ ክሊክ የሚሉት ነገር ወደኔና ወደ ሲቲ ጆሮ ይመጣል፤ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ እያለ ምቱን የሚቆጥር ድምፅ ነው። እንግዳው አይሰማውም። እኔ ግን ሰርጉ አልቆ፣ ቅዳሜ ማዳሜ ወጥ ቤት ሽንኩርት ስከትፍም እሰማዋለሁ።

ክሊኩ ብቻ ቢሆን በወደድኩ። ማስተር የራሱንም ድምፅ አብሮ ቀድቶበታል። "ተዘጋጂ… ግቢ።" "አዝማች።" "አትንቀዥቀዢ።" ይቺን የመጨረሻዋን የቀዳት አስቀድሞ ነው፤ የትኛው መስመር ላይ እንደምንቀዠቀዥ ከኔ በፊት ያውቃል።

"እንዴ ማስተር፣ እኔ ሰው ነኝ እኮ፤ አንዳንዴ ልቤ ይቀድማል" አልኩት አንድ ቀን ልምምድ ላይ።

"ክሊኩ አያዳላም" አለኝ። ለሁሉም ነገር መልሱ ይህች ናት። ሲቲ ብታኮርፍ ክሊኩ አያዳላም። የሙሽራው አጎት ዘፈኑ እንዲረዝም ቢለምን ክሊኩ አያዳላም።

እውነቱን ለመናገር ክሊክ የሚያስፈልገን በግድግዳው ምክንያት ነው። እዚህ አገር ሰርግ ላይ የሴቱ አዳራሽ ለብቻ፣ የወንዱ ለብቻ ነው። እኔና ሲቲ ከሴቶቹ ጋር ነን፤ ማስተር ኪቦርዱን ይዞ ከግድግዳው ማዶ ይቀመጣል፤ ሽቦው በመስኮት ይገባል። ይህን ያህል ጊዜ አብረን ስንሠራ ሰርግ ላይ ሲጫወት አይቼው አላውቅም። እሱም ሴቶቹ ሲጨፍሩ አይቶ አያውቅም። የኔ ማይክ በጆሮው ይገባል፣ የሱ ቆጠራ በጆሮዬ ይገባል፤ በዚያው እንተዋወቃለን።

አንድ ጊዜ "እንግዳው ካነሰ" የሚል ስጋት ያዘውና እልልታም ቀድቶ አስገባ። እንግዳው አላነሰም፤ ሙሽራዋ ግን ዘገየች። እልልታው በተቀጠረለት ቦታ ላይ ወጣ፤ በሩ ተከፈተ፤ የገባችው ትልቅ የሩዝ ትሪ የተሸከመች ሴትዮ ነበረች። አዳራሹ ሙሉ ተነስቶ በጭብጨባ ተቀበላት። ሴትዮዋ ትሪውን የምታስቀምጥበት ጠፋት።

"ትራኩ ልክ ነበር" አለ ማስተር በኋላ። "ሙሽራዋ ናት ያጠፋችው።"

ክሊኩን መካም ይዞት ሄዷል። መንሱር ሰፈር፣ ሸኽ ዑስማን የሚባሉ የአገራችን ሰው ቤት፣ አንዳንዴ ለመንዙማ እንሰበሰባለን። እዚያ ኪቦርድ የሚባል አይገባም፤ ከበሮና ጭብጨባ ብቻ ነው። ጀውሀር ታዲያ ክሊኩን በስልኩ ይዞ ሄደ። ሸኹ ከበሮ ሲመቱ መሐል ላይ ፈጠን ይላሉ ብሎ ሲብሰለሰል የከረመ ሰው ነው። እጃቸውን ስሞ ማዳመጫውን ሰጣቸው።

"ሸኽ፣ ይህን ጆሮዎ ውስጥ ያድርጉልኝ። ምቱን ይጠብቅልዎታል።"

ሸኽ ዑስማን ዓይናቸውን ጨፍነው ረጅም ጊዜ አዳመጡ።

"ጀውሀር፣ እየሰማሁት ነው" አሉ በመጨረሻ። "አንድ ሰው በር እያንኳኳ ነው። ምነው አትከፍቱለትም?"

ቤቱ በሳቅ ሞላ፤ ጀውሀርም ሳቀ። ወደ ጅዳ ስንመለስ ግን መኪናው ውስጥ ጉልበቱን በጣቱ ይመታ ነበር። ባሕራ የምትባለውን ከተማ ካለፍን በኋላ ነው የተናገረው።

"ግን ፈጥነዋል" አለ።

አሁን ስለ ኢክራም ሰርግ ልንገራችሁ።

ኢክራም ጓደኛዬ ናት፤ እንደኔው ሰው ቤት ትሠራለች። ከወሎ የወጣችው ገና ልጅ ሳለች ነው። ከዚያ ወዲህ እናቷን በድምፅ እንጂ በአካል አላየቻቸውም። አንድ ሹፌር የአገሯ ልጅ አገባትና ሰርጉ ከረመዳን በፊት በአንዱ ዓርብ፣ ከዓስር ሶላት በኋላ ሆነ፤ ከከተማው በስተደቡብ ኢስቲራሃ የሚባል የድግስ ግቢ ተከራዩ። ኢክራም ከሁሉ አንድ ነገር ብቻ ለመነችን። ወደ አዳራሹ ከመግባቷ በፊት እናቷ በስልክ እንዲመርቋት፣ ምርቃቱም በስፒከር ለሁሉም እንዲሰማ ፈለገች። እናትየው ያሉበት ቀበሌ ኔትዎርክ የለም፤ ለመደወል ዳገቱን መውጣት አለባቸው።

ማስተር በጥሞና ሰማት። "ስንት ደቂቃ ይመርቃሉ?" አላት።

"እናቴ ናት እንጂ ትራክ አይደለችም" አለች ኢክራም።

"ሁለት ደቂቃ ይበቃቸዋል?"

"ስትጨርስ ትጨርሳለች።"

ሄዶ የሁለት ደቂቃ ለስለስ ያለ ሙዚቃ ቀዳ።

ቀኑ ደረሰ። ኢክራም ስልኳን ለኔ ሰጥታኝ ነበር፤ አጠገቤ ወንበር ላይ አስቀመጥኩት። ለስላሳው ሙዚቃ ጀመረ። ሴቶቹ ስልኩን ያያሉ። ስልኩ ጸጥ ብሏል። ኢክራም በተከፈተው በር ላይ ሂናዋን ተቀብታ፣ ቬሏን ለብሳ ቆማለች፤ እሷም የምታየው ስልኩን ነው። በጆሮዬ ክሊኩ ይቆጥራል። ሙዚቃው አለቀና ያ የተቀዳው ድምፅ መጣ፤ "ምርቃቱ አልቋል። የመግቢያው ዘፈን። ተዘጋጂ… ግቢ።"

ያልተጀመረ ምርቃት አልቋል ተባለ። ምን ላድርግ? ዘፈንኩ። ኢክራም ግን ከበሩ አልተነቃነቀችም። በእጇ "ቆዩ፣ ቆዩ" ትለኛለች፤ ትራክ ደግሞ ቆዩ ሲሉት አይሰማም።

ሁለተኛው ግጥም ላይ ስልኩ በራ።

አንስቼ ድምፁን ከፍ አደረግሁና ማይኩ ላይ ያዝኩት። "ጀውሀር፣ የኢክራም እናት ናቸው" አልኩ። ይህን አዳራሹ በሙሉ ሰማ።

ትራኩ ቆመ። የማስተር ጀውሀር ትራክ መሐል ላይ ሲቆም ያን ቀን ነው የሰማሁት።

ሴትዮዋ ሰላምታም አላስቀደሙ፤ መስመሩ ይቋረጥብኛል ብለው ፈርተው መሰለኝ። ምርቃትም አልጀመሩም። መዝፈን ጀመሩ። ዳገት የወጣ ሰው ትንፋሽ አለበት፣ ነፋስ አለበት።

"ባሕሩን ተሻግራ ልጄ ተሞሸረች፤
እኔ ባልደርስላት ዱዓዬ ደረሰች።"

ሴቶቹ ማጨብጨብ ጀመሩ፤ ሁሉም በየራሱ። ጭብጨባው የእናትየውን ድምፅ ዋጠው። ድምፃቸው ይቆረጣል፣ ተመልሶ ይመጣል፣ ከሄደበት ሌላ ቦታ ላይ ይመጣል። ሰዉ ግራ ተጋብቶ ማጨብጨቡን ተወ። አዳራሹ ጭር አለ። አንዲቷ ሳል ያዛት። ኢክራም በሩን ይዛ ቀረች። እኔ ስልኩን ወደ ማይኩ ይበልጥ አስጠጋሁት፤ መስመሩ አሁን ከጠፋ በዚህች ልጅ ሰርግ ላይ የሚቀረው ይህ ዝምታ ነው ብዬ ፈራሁ።

በዚህ ጊዜ ጆሮዬ ውስጥ ቀጭ አለ። ቆየት ብሎ ቀጭ። ከዚያ ሁለት ቶሎ ቶሎ፣ ከዚያ ዘግየት።

ሲቲ ከበሮዋን አቅፋ ወደኔ ዞረች። "ክሊኩ ኸርባን ሆነ እንዴ?" አለችኝ በሹክሹክታ።

እኔም የተበላሸ ነበር የመሰለኝ። ከዚያ ግን እናትየው "ልጄ" የሚለውን ሲስቡት ክሊኩም ሲሳብ ሰማሁ። ትንፋሽ ሲያጥራቸው አጠረ። መስመሩ ሲቋረጥ ቆመ፤ ሲመለሱ ከሳቸው ጋር ተመለሰ። ከግድግዳው ማዶ ሆኖ እየሰማቸው፣ በጣቱ እየመታው ነው።

"አልተበላሸም። ተከተዪው" አልኳት።

ሲቲ ከበሮውን ቀስ ብላ ነካችው። ከሥር አንድ የኪቦርድ ድምፅ ገባ፤ ቀጭንና ዝቅ ያለ። ሴቶቹ ከበሮውን ሲሰሙ አጨበጨቡ፤ አሁን ባንድነት። ዳገት ላይ ያሉት ሴትዮ የሰሙት መሰለኝ፤ ድምፃቸው ተረጋጋ፣ ያንኑ ግጥም ከመጀመሪያው አነሱት። ኢክራም ከበሩ ተነቃነቀች። በእናቷ ዘፈን፣ በእናቷ እርምጃ፣ እያለቀሰች አዳራሹን አቋርጣ ገባች። ከዚያ ምርቃቱ መጣ። ረጅም ነበር። "አሚን" ያልነው ስንት ጊዜ እንደሆነ አላውቅም። ማስተርም ሰዓት አልጠየቀም።

ሰርጉ ሲያልቅ ዓባያዬን ለብሼ ወጣሁ። ግቢው ውስጥ ሽቦ ይጠቀልላል።

"ማስተር፣ ያ ነገር… በጣትህ ነው?" አልኩት።

"ቁልፍ አለው። ምቱን በጣት ይቀበላል" አለ፤ ቀና አላለም። "ኪቦርዱ ከተገዛ ጀምሮ አለው።"

"አላህ ጀዛህን ይክፈልህ።"

"አሚን። የመጨረሻው ዘፈን ላይ ዘግይተሽ ገብተሻል።"

"እያለቀስኩ ነበር እኮ።"

"ሰምቻለሁ" አለና ሽቦውን ጠቅልሎ ጨረሰ።

በማግሥቱ ቅጂውን ለኢክራም በስልኳ ላከላት፤ ሁሉንም ዝግጅት ይቀዳል፣ ጥፋታችንን ሊያሰማን። እኔም አዳመጥኩት። የእናትየው ድምፅ ፊት ለፊት አለ፤ ነፋሱም ትንፋሹም አልጠፋም። ከበሮውና ጭብጨባው ከኋላ ይሰማል። ኪቦርድ የለም። ደውዬ የት እንደሄደ ጠየቅሁት።

"አወጣሁት። ድምፃቸው ላይ ይደረብባቸዋል" አለኝ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ሌላ ኪቦርድ ተጫዋች መካ፣ ዓዚዚያ ላለ ድግስ ጠራኝ። ሸጋ ሰው ነው፤ ክሊክ የለ፣ ቁጣ የለ። "እንደፈለግሽ ዝፈኚ፣ እኔ እከተልሻለሁ" አለኝ። ሄድኩ። እንደፈለግሁ ገባሁ፣ እንደፈለግሁ ወጣሁ። ሲያልቅ "ማሻአላህ" አለኝ። ሰዉም ወደደው።

ማክሰኞ ለጀውሀር ደወልኩ።

"ባለፈው ዓርብ ቀርተሻል" አለ።

"መካ ሥራ ነበረኝ።"

"ሰምቻለሁ። እንዴት ነበር?"

"ደህና ነበር።"

"ፈጥነሻል?"

"እንጃ" አልኩት። "የነገረኝ ሰው የለም።"

ከኋላው የሙከይፍ ድምፅ ይሰማኛል፤ የሰው ቤት ሥራ ላይ ነው።

"ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ነይ" አለ። "እኔ እነግርሻለሁ።"