ክብርት ችሎትና የሂሳብ ፈተናዬ

በየቤተሰቡ አንድ መርማሪ አለ። ማንም አልሾመውም፣ ደመወዝ አይከፈለውም፣ ዕረፍትም አይወጣም። ሠርግ ቢሆን፣ ኀዘን ቢሆን፣ የተሰበረ ብርጭቆ ቢሆን፣ ጉዳዩ በእሱ እጅ ሳያልፍ አይዘጋም። አንዳንዱ ቤት አጎት ነው፤ አንዳንዱ ቤት ጡረታ የወጣ ጎረቤት ነው። እኛ ቤት የእናቴ ታናሽ እህት ናት። ፊት ለፊቷ "እትዬ" እንላታለን፤ በሌለችበት "ችሎት"። ይህንንም ታውቃለች። ስሙን ማን እንዳወጣው፣ የት ቦታ፣ እነማን ባሉበት፣ ማን ቀድሞ እንደሳቀ ጭምር ታውቃለች።

አክስቴ ሻይ ስትቀዳ፣ ልብስ ስታጣጥፍ፣ መስኮት ከፍታ ስታስል "እሷ" ናት። ወንበሯን ጎትታ ጉልበቷ ጉልበትህን እስኪነካ ስትጠጋህ ግን ችሎቱ ተሰይሟል፤ ከዚያ ወዲያ "እርሳቸው" ናቸው። የወንበሩ እግር ወለሉን ሲፍቅ የሚያሰማው ድምፅ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ክብርት ችሎት የሚሰጡት ውሳኔ ሁለት ዓይነት ብቻ ነው። አንደኛው "አይበቃም፤ ጨምር" ነው። ሁለተኛው "በቃኝ" ነው። "በቃኝ" ካሉ በኋላ ወሬው ምንም ያህል ቢጣፍጥ፣ ገና ግማሹ ቢቀር እንኳ፣ ተነሥተው ይሄዳሉ። ሰው አፉን እንደከፈተ ይቀራል።

አንድ ጊዜ የቧንቧ ሠራተኛ አርፍዶ መጣ። "መንገድ ተዘግቶብኝ ነው፣ እናቴ" አለ፣ ምስኪን። ወንበሩ ተጎተተ።

"በየት በኩል ነው የመጣኸው?"

"በድልድዩ።"

"ሱቃችሁ ከወዲህ አይደለም እንዴ? ድልድዩ ጋ ምን ወሰደህ?"

"ትንሽ ጉዳይ ነበረኝ።"

"አይበቃም፤ ጨምር።"

ጨመረ። ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ከድልድዩ ማዶ አንዲት ልብስ ሰፊ እንዳለች፣ እሱ እንደሚወዳት፣ አባቷ ግን ዓይኑን ማየት እንደማይፈልጉ ታወቀ። "በቃኝ" አሉ ክብርት ችሎት። ሰውየው ተመክሮና ተመርቆ ወጣ። ቧንቧው እስከ ማግስቱ ሲንጠባጠብ አደረ።

ሐኪም ቤትም ያው ናት። የደም ግፊቷን ልትለካ ሄዳ ለሐኪሙ አዝና ተመለሰች። "እንቅልፍ የለውም፣ የእኔ ልጅ" አለችኝ ከንፈሯን እየመጠጠች። "ሚስቱ የሌሊት ተረኛ ናት። ሕፃኑን የሚያባብለው እሱ ነው።"

"ያንቺስ ግፊት ስንት ሆነ?"

"እሱን አልጠየቅኩም።"

ይህቺን መልስ ያዙልኝ። ኋላ እንመጣባታለን።

እኔ በዚያ ዘመን የአንድ ማተሚያ ቤት የመጻሕፍት ክፍል አርታኢ ነበርኩ። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ሥነ ጽሑፍ ነው፤ ዕድሜዬን የፈጀሁት የሌላ ሰው ዓረፍተ ነገር ሳቃና ነው። ሥራ አስኪያጃችን ጡረታ ሊወጡ ሲሉ ባለቤቶቹ ጠሩኝ። ወንበሩን ሊሰጡኝ ፈልገዋል፤ ግን አስተዳደር መማር አለብኝ። የንግድ ትምህርት ቤቱ መግቢያ ፈተና አለው፤ ከተቆረጠው የማለፊያ ነጥብ በታች ያመጣ በሩን አያልፍም። እኔ ካላለፍኩ ከውጭ ሰው ይቀጠራል። የሚቀጠረውም ሰው አስቀድሞ ታውቆ ነበር፤ ሐሳቡም እንደዚሁ። የመጻሕፍት ክፍሉን ዘግቶ ደረሰኝና የማስታወቂያ ወረቀት ብቻ ማተም ነው። የክፍላችን ፊደል ለቃሚ፣ ለኅትመት ፊደል የሚደረድረው፣ ከእኔ በፊት የነበረ ሽማግሌ፣ በዚያ ሰሞን በአጠገቤ ባለፈ ቁጥር "እንዴት ነው ሂሳቡ?" ይለኝ ነበር፤ የታመመ ዘመድ እንደሚጠይቅ ሰው።

ሂሳቡ ደህና አልነበረም። እኔና ቁጥር የተጣላነው ገና ተማሪ ሳለሁ ነው። ጠመኔ ይዤ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሜ፣ ክፍሉ ጸጥ ብሎ፣ የሂሳብ መምህራችን ከኋላዬ ቁልፋቸውን ሲያንቃጭሉ የሚሰማኝ ያ ነገር፣ ፀጉሬ ሸብቶም አልለቀቀኝም። ክፍልፋይ ሳይ መዳፌን ያልበኛል። ለመጀመሪያ ጊዜ ስፈተን በቋንቋው ክፍል ራሴ ደመና ነካ፤ በሂሳቡ እግሬ ጭቃ ገባ። ሲደመር ወደቅሁ። ምዝገባው ከመዘጋቱ በፊት የቀረኝ አንድ ዕድል ብቻ ነበር።

በዚያ የውድቀት ቀን አክስቴን አገኘኋት። የምትኖረው ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ ነው። ለባለቤቴ ወሬውን እንዴት እንደምነግራት ስለጨነቀኝ መጀመሪያ ወደ እሷ ወጣሁ። ለምርመራ ተዘጋጅቼ ነበር። እሷ ግን ሻይ ቀድታ ሰጠችኝ፤ ስለ ጎረቤቷ ድመት አወራችኝ፤ ስለ ፈተናው አንድም ቃል ሳትጠይቀኝ ሸኘችኝ። በሕይወቴ እንዲያ ያለ ተአምር አላየሁም። ረስታው ይሆናል ብዬ አመሰገንኩ።

ባለቤቴ ስትሰማ አላዘነችም፤ ወገቧን ያዘች። "እዚህ ልጆቹ እየጮኹ ልታጠና ነው? ተነሥ፣ ወደ ችሎት ውጣ!" አለችኝ። እንዲህ ሆኖ በየቀኑ ከሥራ በኋላ መጽሐፌን ታቅፌ የአክስቴ ጠረጴዛ ላይ እቀመጥ ጀመር።

ፈተናው ውስጥ አንድ ለየት ያለ የጥያቄ ዘር ነበር። ጥያቄውን ይጠይቅህና ሁለት መረጃ ይሰጥሃል። መልሱን አውጣ ግን አይልህም። "እነዚህ መረጃዎች መልሱን ለማግኘት ይበቃሉ ወይስ አይበቁም?" ብቻ ነው የሚልህ። እኔን ይህ ዘር አንገቴን ይቆርጠኝ ነበር። ቁጥር ባየሁ ቁጥር ማስላት እጀምራለሁ፤ መሐል ላይ እሳሳታለሁ፤ ሰርዤ እንደገና እጀምራለሁ፤ ሰዓቱ ያልቃል።

"ምንድን ነው የምታልጎመጉመው?" አለችኝ አክስቴ አንድ ቀን፣ ከምታጣጥፈው ልብስ ቀና ብላ።

"ሂሳብ ነው፣ እትዬ። ተይው።"

"ሂሳብ ነው ብሎ ነገር የለም። ማን ምን ሆነ?"

"እህትና ወንድም ናቸው። የእህትየዋ ዕድሜ ስንት ነው ይላል።"

ወንበሩ ተጎተተ።

"ምን ተነገረን?" አሉ ክብርት ችሎት።

"አንደኛ፣ ወንድሟ በአራት ዓመት ይበልጣታል።"

"ይብለጣት። ሕፃን ትሁን አሮጊት በምን አውቃለሁ? አይበቃም፤ ጨምር።"

"ሁለተኛ፣ የሁለቱ ዕድሜ ሲደመር ሠላሳ ነው።"

"ቆይ፤ የፊተኛውን አልሰማሁም እንበል። ይሄን ብቻ ይዤ ለማን ስንት እንደሚደርስ ማወቅ እችላለሁ? አልችልም። አይበቃም። በል አሁን ሁለቱን አንድ ላይ አቅርብልኝ።" ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከፈቱ። "በቃኝ።"

ተነሥተው ወደ ማድ ቤት ሄዱ። እኔ እርሳሴን ይዤ ቀረሁ።

"እትዬ! ታዲያ ስንት ዓመቷ ነው?"

"እኔ ምን አገባኝ?" አለች ከማድ ቤት። "ከፈለገች ራሷ ትንገርህ!"

የመጽሐፉን ጀርባ ገልጬ መልሱን አየሁ። ችሎቱ የፈረደው ልክ ነበር። ሐኪሙ ጋ ሄዳ ግፊቷን ሳትጠይቅ የመጣችው ሴትዮ ትዝ አለችኝ። ይህ ጥያቄ የሚፈልገው እንደ እኔ ቁጥር አሳድዶ የሚደክም ሰው አይደለም፤ ሲጎድል ጨምር፣ ሲሞላ በቃኝ ብሎ የሚነሣ ሰው ነው።

አክስቴ ሂሳብ ትችላለች እያልኩ እንዳይመስላችሁ። በማባዛት ከእኔም ትብሳለች። ሰባት ጊዜ ስምንት ስንት ነው ቢሏት ለምን እንደፈለጉት ትጠይቃለች። ስለሁለት ባቡሮች የሚያወራ ጥያቄ ያነበብኩላት ቀን እነማን እንደተሳፈሩ ካልተነገራቸው እንደማይፈርዱ ክብርት ችሎት በግልጽ አስታወቁ። "ይበቃል ይላል እኮ መጽሐፉ" ብላቸው "መጽሐፉ ሰው አያውቅም" ብለው ዘጉት። ይግባኝ የለም።

ግን ነጥቤን ያነሣልኝ አንድ ቀን ያሉት ነገር ነው ብዬ አምናለሁ። ለፈተናው የተመዘገብኩበት የማጠናከሪያ ትምህርት ቤት አስተማሪ፣ ፀጉሩን ወደ ኋላ የሚያበጥር ወጣት፣ "ሁለት የማይታወቅ ነገር ካለ ሁለት መረጃ ይበቃል" ብሎ አስተምሮን እንደ ጸሎት ሸምድጄዋለሁ። ሌላ የእህትና ወንድም ጥያቄ መጣ። አንደኛው መረጃ ወንድምየው በሦስት ዓመት ይበልጣታል ይላል። ሁለተኛው እህትየዋ ከወንድሟ በሦስት ዓመት ታንሳለች ይላል። እኔ በኩራት "ሁለት መረጃ አለ፤ ይበቃል!" አልኩ።

ክብርት ችሎት በሐዘኔታ ተመለከቱኝ።

"አንተ ልጅ፣ ይሄ ሁለት ምስክር ነው እንዴ? አንዱ ሰውዬ እኮ ነው፤ በፊት በር ወጥቶ፣ ኮፍያ ቀይሮ፣ በጓሮ በር ተመልሶ የገባው! አታየውም?"

አየሁት። እውነት ለመናገር ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጥያቄው ውስጥ ኮፍያ የቀየረ ሰው ስፈልግ እውላለሁ።

ሌላው መከራዬ ደግሞ "ለምን" የምትለዋ ጥያቄያቸው ነበረች። ለክፍልፋይ ሳካፍል ክፍልፋዩን ገልብጬ ሳባዛ አዩኝ። "ለምን ተገለበጠ? ምን አጥፍቶ?" ዕድሜ ልኬን ስገለብጠው ኖሬያለሁ፤ ለምን እንደሆነ ግን አንድም ቀን አልገባኝም። "ሕጉ ነው" አልኳቸው። "አይበቃም።" በማግስቱ ሥራ ቦታ ሳይቀር ሳስበው ውዬ መጣሁ። "እትዬ፣ ስድስት ዳቦ ቢኖርሽና ለእያንዳንዱ እንግዳ ግማሽ ግማሽ ብትሰጪ ለስንት ሰው ይደርሳል?"

"ለዐሥራ ሁለት።"

"ስድስትን ለግማሽ አካፈልሽ ማለት እኮ ነው። ስድስትን በሁለት እንዳባዛሽው ሆነ። ተገለበጠ ማለት ይሄ ነው።"

"እነማን ናቸው እንግዶቹ?" ብለው ጀመሩና ፊቴን አይተው ተዉት። "እሺ፣ በቃኝ" አሉ። ያቺን "በቃኝ" ከየትኛውም መምህር "ጎበዝ" አስበልጬ እወዳታለሁ። ጥቁር ሰሌዳ ፊት የቆመው ልጅ ያን ቀን ጠመኔውን አስቀምጦ ተቀመጠ።

የፈተናው ቀን ደረሰ። ክፍሉ ቀዝቃዛ ነበር፤ ሁላችንም በየኮምፒውተራችን ፊት አቀርቅረናል። የመጀመሪያዎቹ ጥያቄዎች እንደ ልማዳቸው መዳፌን አላቡት። ከዚያ ያ ዘር መጣ። በልቤ ወንበር ጎተትኩ። ምን ተነገረን? አይበቃም። የፊተኛውን አልሰማሁም እንበል። አይበቃም። ይሄኛው ኮፍያ የቀየረው ሰውዬ ነው፤ ውጣ! እነዚህ ሁለቱ አብረው ይምጡ፤ በቃኝ። ሳላሰላ አልፌ ሄድኩ። በዚያ የተረፈችኝን ጊዜ ይዤ የሚሰላውን በእርጋታ፣ እንደ ቀርፋፋ ተማሪ፣ በጣቴ ጭምር አሰላሁ። ሁሉንም አላገኘሁም። መጨረሻ ላይ ነጥቡ ከፊቴ ብቅ አለ። ከተቆረጠው በላይ ነው፤ በጥቂት፣ ግን በላይ ነው። እንባዬን የዋጥኩት ፈታኟ እንዳታየኝ ብዬ ነው።

ወደ ቤት ስመለስ መንገዱን ሁሉ አንድ ነገር አሰብኩ። ዛሬ ችሎቱን አስጨንቀዋለሁ። "ወጣሁ ከፈተናው" ብዬ ዝም እላለሁ። ይጎተት ወንበሩ! አንድ በአንድ ይለምኑኝ! የቤታችንን በር አልፌ ቀጥታ ወደ አክስቴ ፎቅ ወጣሁ። ሳላንኳኳ በሩ ተከፈተ።

"ግባ፤ ሻዩ ይቀዘቅዝብሃል" አለችኝ። ሚስቴም ልጆቼም ከኋላዋ ተቀምጠዋል፤ አብረው እንዲጠብቁኝ ቀድማ ጠርታቸዋለች። ሻይ ተቀድቷል። ጥያቄ የለም።

"ከፈተናው ወጣሁ" አልኩ።

"አዎ።"

"እትዬ፣ ምነው አትጠይቂኝም?"

"ምኑን? በቃኝ እኮ።" ስኳሩን ወደ እኔ ገፋችው። "ደረጃውን እያፏጨህ ነው የወጣኸው።"

ልጆቼ ሳቁ። እኔ ግን አንድ ነገር ብልጭ አለብኝ። "ያን ጊዜስ?" አልኳት። "ባለፈው ስወድቅ አልጠየቅሽኝም። ረስተሽው ነበር?"

"እኔ?" ተቆጣች፤ ስሟን ያጠፋሁት ያህል። "ረሳሁ? በመስኮት ቁጭ ብዬ ስጠብቅህ ውዬ? እግርህ ሲወጣ ሰማሁት፤ ደረጃው መሐል ላይ ቆምክ። ትንሽ ወጣህና እንደገና ቆምክ። ሰው ዘመዱ ቤት ሊገባ ደረጃ ላይ ከቆመ ሌላ ምን ይጨመርልኛል?" ብርጭቆዋን አነሣች። "ጠጣ በል።"

ጠጣሁ። ከዚያ በፊት ስንት ደረጃ ስንት ጊዜ ወጥቼ ይሆን፣ እሷ ቤቷ ሆና ያዳመጠችው?

የመጻሕፍት ክፍሉ አልተዘጋም። ሽማግሌው ፊደል ለቃሚም "እንዴት ነው ሂሳቡ?" ማለቱን ትቶ ወደ ጀርባው ሕመም ተመልሷል። እኔ ትምህርቱን ጨርሼ አሁን በሥራ አስኪያጁ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ፤ የሂሳብ ሹማችን የሚያምር ሪፖርት ይዞ ሲመጣ ኮፍያ የቀየረ ሰው ውስጡ እንዳለ እፈልጋለሁ። አንዳንዴ አገኘዋለሁ።

አክስቴ ካረጀች በኋላ ልጇ ጋ፣ ሌላ ከተማ፣ ሄዳለች። ከላያችን ያለው ፎቅ ላይ የማላውቃቸው ሰዎች ይኖራሉ፤ ደረጃውን ማንም ሳያዳምጠኝ እወጣለሁ። በየሳምንቱ እደውልላታለሁ። ስደውል አንድ ልማድ አለኝ፦ ከምነግራት ወሬ ሁልጊዜ አንድ ቁም ነገር ሆን ብዬ አጎድላለሁ።

ትናንትም ደወልኩ። "ሴት ልጄ አንድ ሰው ልታስተዋውቀን ነው" አልኳትና ዝም አልኩ።

በዚያ ማዶ ወንበር ወለሉን ሲፍቅ ተሰማኝ።

"አይበቃም" አሉኝ ክብርት ችሎት። "ጨምር።"