የአያ ደሴ አምሮት

አምሮት ማለት ሆድ ሳያውቅ ዓይንና አፍንጫ ተማክረው የሚያስገቡት ማመልከቻ ነው። ከራብ ጋር ማምታታት አይገባም። ራብ እህል ሲያገኝ ይሰናበታል፤ አምሮት ግን የጠገበ ሰው ቤትም ያንኳኳል።

በላተኛም በየዓይነቱ ነው። ሲርበው የሚበላ አለ፤ እግዚአብሔር ያብዛው። ሲከፋው የሚበላ አለ። በልኩ እበላለሁ ብሎ ጉርሻውን ሲቆጥር የሚውልም አለ። የቀረው በላተኛ ራሱ ምንም ጥፋት የለበትም፤ ጥፋቱ የአካባቢው ነው። ጥብስ ከሸተተው ይበላል፤ ካልሸተተው የምግብ ነገር ትዝም አይለው። አያ ደሴ እንዲህ ናቸው።

አያ ደሴ ጡረታ የወጡ የጭነት መኪና ሹፌር ናቸው። ከመተማ ዮሐንስ እስከ ጎንደር ያለውን ምግብ ቤት ሁሉ በጥብሱ ሽታ ይለዩታል። አንደበታቸው ማር ስለሆነ፣ አልማዝን ለማግባት ስነሣ ዋና ሽማግሌ አድርጌ ላክኋቸው። ነገሩ ጊዜ የሚሰጥ አልነበረም። ዘመኑ ሰሊጥ የተወደደበት ነው፤ አንድ ባለትራክተር ባለሀብትም ሽማግሌ እያሰናዳ ነው ይባላል። እኔ መምህሩ ያለኝ ጠመኔ ብቻ ነው። አባቷ አቶ ጫኔ ቀጠሮ ከሰጡ፣ ባለሀብቱ ይቀድመኛልና አለቀልኝ።

መቼም በአገራችን ሽማግሌ እሺ ሳይባል የሰው ቤት እህል አይቀምስም። ይህን አስቤ በጠዋት አያ ደሴን ፉል ቤት ወሰድኳቸውና ሁለት ሳህን ጋበዝኳቸው። ሆድ ከሞላ አፍንጫ ይተኛል ብዬ ነው። የተማረ ሰው የሚሳሳተው እንዲህ በዕቅድ ነው። «ልጄ፣ እስከ ነገ እህል አላይም» ብለው፣ መርቀውኝ ወደ አልማዝ ወላጆች ቤት፣ ወደ ሽንፋ ሄዱ።

የሆነውን የነገረኝ አብሯቸው በሽምግልና የሄደው ባልደረባዬ ፈንቴ ነው። የአልማዝ እናት እትዬ ጥሩ፣ እንደማይነካ እያወቁ፣ ለወጉ ያህል ከፍም ላይ የወረደ የፍየል ጎድን አቀረቡ። ፈንቴ ዘሬን እስከ ሰባት ቤት ቆጠረ። አቶ ጫኔ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «እንግዲህ ዘመድ ላማክርና፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ…» ሲሉ አጥንት ሲቆረጠም ተሰማ።

ሁሉም ወደ አያ ደሴ ዞረ።

«አያ ደሴ፣ ገና እሺ አላልኩም እኮ» አሉ አቶ ጫኔ።

«እኔም ገና አልዋጥኩም» አሉ አያ ደሴ፣ ጉንጫቸው እንደተወጠረ።

ፈንቴ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ ነበር። እትዬ ጥሩ ግን ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ለባላቸው ቀስ ብለው ተናገሩ፦ «ማዕዳችንን የቀመሰ ሽማግሌ እምቢ ተብሎ ከዚህ ቤት ሲወጣ፣ አገሩ የሚያማው ማንን ነው? እሳቸውን ወይስ እኛን?»

አቶ ጫኔ ሚስታቸውን አዩ፣ ጎድኑን አዩ፣ ጣራውን አዩ። አያ ደሴ መቼም ባለጌ አይደሉም፤ መንጋጋቸውን አቁመው ፍርዱን በትዕግሥት ጠበቁ።

«ይዋጡት» አሉ አቶ ጫኔ።

በጥር ተጋባን። አያ ደሴ በሠርጉ ዕለት ወባ ጥሏቸው ምንም አልቀመሱም።