የቀትር እንቅልፍ የወሰዳቸው ዓሣዎች

በድሬዳዋ ከቀትር በኋላ ወዲያ ወዲህ የሚል ሰው ካያችሁ፣ ወይ እንግዳ ነው ወይ ከቤቱ ተጣልቶ የወጣ ነው። ሱቁ ይዘጋል፣ ባጃጁ ጥላ ፈልጎ ይቆማል፣ የከዚራ ሰፈር ዛፎች እንኳ ቅጠላቸውን ማወዛወዝ ይታክታቸዋል። እኛም ሽርጣችንን አገልድመን፣ ማራገቢያውን ወደ እግራችን አዙረን ጋደም እንላለን። ከደጋ የመጣ ሰው ይህን ስንፍና ይለዋል። ይበል። አንድ ግንቦት እዚህ ይዋልና እሱም ትራስ ሲፈልግ እናየዋለን።

እኔ በዚህ ልማድ የምኮራ ሰው ነኝ። ድሬ የገባ ፍጥረት ሁሉ፣ ሰውም ይሁን እንስሳ፣ ውሎ አድሮ እንደኛ ይሆናል ብዬ አምናለሁ። ይህ እምነቴ ሁለት ዓሣ ሊገድል ነበር።

ዓሣዎቹ የልጄ የሂክማ ናቸው፤ ሰው ወርቃማ ዓሣ የሚላቸው፣ ለዓይን እንጂ ለመጥበሻ ያልተፈጠሩ። እናቷ በሕይወት ሳለች የገዛችላት ስለሆኑ ሂክማ እንደ ዓይኗ ብሌን ነው የምታያቸው። ሐዋሳ ሥራ አግኝታ ስትሄድ ግን በዚያ ሁሉ መንገድ ላይ ማንገላታት አልሆነላትም። እናም ልጄ ሐይቅ ዳር ልትኖር ሄዳ፣ ዓሣዎቿን በዚህ በረሃ ለእኔ ተወችልኝ።

ስትሄድም እንደ ሕፃን አስጠናችኝ። «አባ፣ ምግባቸው ቁንጥር ብቻ ነው፣ ያውም በቀን አንዴ። ውሃውን ሁሉንም እንዳትደፋው፤ ሲሶውን ቀድተህ ቀይር። የምትጨምረው ደግሞ በባልዲ ያደረ ይሁን፣ ክሎሪኑ ይውጣለት። አደራህን፣ የእማዬ ናቸው።» አደራ የሚለውን ቃል ሰምቶ እንቅልፍ የሚወስደው ሰው አለ? እኔን፣ እንደምታዩት፣ ወሰደኝ።

ሂክማ ከሄደች በኋላ ቤቱ ጭር አለብኝ። ዓሣዎቹ ያሉበት የመስታወት ሳጥን ፊት ስቀመጥ ሁለቱም እየተሽቀዳደሙ ይመጡና አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? ራባቸው ነው የምትሉት። እኔም እንደዚያው አልኩ። ቁንጥሯ እፍኝ ሆነች፤ በቀን አንዴ የተባለውም እኔ በበላሁ ቁጥር ሆነ። ጨርቅ የምትነግደው ጎረቤቴ ፎዚያ፣ ሰፈሩ ሁሉ በሶማሊኛ ኤዶ፣ አክስት እንደማለት፣ ብሎ የሚጠራት፣ አንድ ቀን ስትገባ ይህን የአፍ መክፈት አይታ ደነገጠች።

«አቦ፣ እያየኸው ዝም ትላለህ እንዴ? በራብ ሊሞት እኮ ነው ወላሂ!» አለችና ከያዘችው ሳምቡሳ ቆርሳ ጣል አደረገችላቸው። ከዚያ ወዲህ ቤቴን የረገጠ እንግዳ ሁሉ የድርሻውን ሳይጥል አይወጣም። ጣፋጭ ሀለዋ ያቀመሳቸውም አለ። እኛ ድሬዎች እጃችን አይሰበሰብልንም።

ታዲያ አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ልተኛ ስል፣ ትልቁ ዓሣ ከሳጥኑ ሥር ባለው ጠጠር ላይ በሆዱ ተጋድሞ አየሁት። ትንሿም ከጎኑ። ሰዓቱን አየሁ። ልክ የእንቅልፍ ሰዓት ነው።

ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። የድሬ ልጆች ሆኑ! እርጥብ አንሶላ አመጣሁና ሳጥኑን ከብርሃን ከለልኩላቸው። አየር የሚነፋላቸው ትንሽ ፓምፕ ዝዝዝ እያለ ሰላም ሲነሳቸው ጊዜ እሱንም አጠፋሁት። እኔ በቀትር እንዲህ የሚያደርገኝ ሰው ባገኝ ስንት እመርቀው ነበር። ኤዶ ፎዚያም መጥታ በአንሶላው ጫፍ አጮልቃ አየችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ማሻአላህ፣ እኛን መሰሉ» አለች።

እንቅልፉ ግን እየረዘመ ሄደ። ከቀትር ተነስቶ ወደ ማለዳ ተዛመተ። ውሃውም ደፈረሰ። እኔ ሙቀቱ በርትቶባቸው ነው ብዬ አንሶላውን እንደገና አረጠብኩ።

ሂክማ በምስል የደወለችው ይኼኔ ነው። ዓሣዎቼን አሳየኝ አለች።

«ቀስ ብለሽ አውሪ፣ ተኝተዋል።»

«ምን ማለት ነው ተኝተዋል?»

«ቀትር ነዋ!» አልኩና አንሶላውን ገለጥኩላት።

«አባ፣ እየሞቱ እኮ ነው! ፓምፑስ?»

«እንዳይረብሻቸው አጠፋሁት።»

ዓይኗን አጥብባ አየችኝ። ይህን አተያይ አውቀዋለሁ፤ የእናቷ ነው። ሚስቴ ከተወችልን ነገር ሕይወት ያለው እነዚህ ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ እኔ ደግሞ በደግነቴ ልጨርሳቸው ነው።

ልጄ እያዘዘችኝ ፓምፑን ከፈትኩ፣ ሲሶውን ውሃ ቀዳሁ፣ የበሰበሰውን ሳምቡሳ ከጠጠሩ ሥር ለቀምኩ፣ በባልዲ ያደረውን ጨመርኩ። ከዚያ የከበደው ትእዛዝ መጣ፤ ሆዳቸው እስኪጎድል ምንም እንዳይቀምሱ። እኔም እንቅልፌን ትቼ በር ላይ ዘብ ቆምኩ፣ ኤዶ ፎዚያን እየጠበቅሁ። መጣችም፣ ቂጣ ይዛ።

«ጾም ላይ ናቸው» አልኳት።

«በምን ወር?» አለችኝ፤ ተቆጥታም ተመለሰች።

በእነዚያ ቀናት ስልኬ አረፍ አላለም። ትልቁ ተነሳ? ትንሿ ዋኘች? ውሃው ጠራ? ልጄ ከሄደች ወዲህ ድምጿን እንዲህ ጠግቤ አላውቅም። አስታማሚውን ግን እንዴት ነህ ያለው የለም። አንድ ቀን ታዲያ፣ በዚያ በጠራራው ቀትር፣ ትልቁ ከጠጠሩ ተነስቶ፣ ዘመም ዘመም እያለ መስታወቱ ድረስ መጣ። አለቀስኩ ብላችሁ ትስቁብኛላችሁ። አለቀስኩ።

ዓሣዎቹ ዳኑ። ውሃው ጠራ፣ ቁንጥሯም ወደ ቁንጥርነቷ ተመለሰች። ስልኩም ጸጥ አለ። ጤነኛ ዓሣ ምን ይጠየቃል? ትናንት በቀትር እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ራሴው ደወልኩላት።

«ልጄ፣ ትልቁ ዛሬ ትንሽ ጋደም ብሏል።»

«አሳየኝ» አለች።

ስልኩን አዞርኩ። ሁለቱም ጅራታቸውን እያወዛወዙ ሳጥኑን ይዞሩታል፤ አንዳቸው እንኳ ለእኔ ብሎ ትንሽ አልተኛም።

«አባ» አለች። ቀጥላም፣ «አንተስ፣ ምሳ በላህ?»

«በላሁ» አልኩ ፈጠን ብዬ።

«እስቲ ሰሐኑን አሳየኝ» አለችኝ።