አያ አለነ የዳበሱት ክንድ

«እንዴት አደርክ» ሳይል ኪሎህን የሚገምት ሰው የሌለበት ከተማ የለም። በደባርቅ ይህን ከፍተኛ ሥልጣን የያዙት፣ ሹመቱን ማንም ባይሰጣቸውም፣ ክቡር አያ አለነ ነበሩ። ሥራቸው የበግ ድለላ ነው። የበጉን ወገብ ዳበስ አድርገው ስቡንና ሥጋውን ለይተው ይናገራሉ። ችግሩ መዳፋቸው በግና ሰው አይለይም።

ሙሽራ አይተው «ይቺ ከክረምት በኋላ ትሞላለች» ይላሉ። በፋሲካ ማግስት መስቀል ሲሳለሙ ቄሱን «አባቴ፣ ዘንድሮ ጾሙ በርትቶብዎታል፤ ሦስት ኪሎ ወርደዋል» ይሏቸዋል። አንድ ጊዜ በቀበሌ ስብሰባ «ጓድ ሊቀ መንበር ከተሾሙ ወዲህ አሥር ኪሎ ጨምረዋል» በማለታቸው ግለ ሂስ እንዲያደርጉ ተገደዱ። ብድግ አሉና «ጥፋቴን አምናለሁ፤ አሳንሼ ገምቻለሁ» አሉ።

የሚያስፈራው ግን የሚሉት ሁሉ መድረሱ ነው። ዋሴም ይህን ያውቃል። ዋሴ ስኳር ያለበት ግዙፍ ሰው ነበር፤ የጨጓራው ቁስል ሲጠናበት ጎንደር ወርዶ ግማሹን ጨጓራ ቆርጠው አወጡለት። ሲመለስ ኮቱ ውስጥ ጠፍቷል። ሐኪሙ «በመክሳትህ ስኳርህ እየወረደ ነው፤ ጉልበትህ አብሮ እንዳይሄድ ግን እንቁላልና ባቄላ ብላ፣ ተንቀሳቀስ» ብሎታል። ጎረቤት ግን ገና ከደጅ ከንፈሩን እየመጠጠ ይገባል፤ ሚስቱ ማንጠግቦሽም ጓዳ ገብታ ታለቅሳለች። ዋሴ ጋቢውን ተከናንቦ ተኛ። የሚፈራው የአያ አለነን ቃል ነበር። እሳቸው «አለቀ» ካሉ አለቀ ነው።

መጡ። ሳያስፈቅዱ ክንዱን፣ ትከሻውን፣ ታፋውን ዳበሱ።

«ስቡ ሄዷል፤ ይሂድ፣ ማን ፈልጎት!» አሉ። «ሥጋው ግን ሊከተለው ደጃፍ ላይ ቆሟል። ተነሥ አንተ! ማንጠግቦሽ፣ እንቁላል ቀቅይለት!»

ከዚያ ወዲህ ዕረፍት አልሰጡትም። በየገበያው ቀን መጥተው ይዳብሱታል፤ ድንጋይ አሸክመው ግቢውን ያዞሩታል። ለጾም ቀን እንቁላል የንስሐ አባቱን ያስፈቀዱለት እንኳ እሳቸው ናቸው። ዋሴ ድንጋዩን ባስቀመጠ ቁጥር ይራገማቸው ነበር።

በሦስተኛው ወር ክሊኒክ ሄደ። ሽንቱን ከሰማያዊው መድኃኒት ጋር ሲያፈሉት፣ ድሮ እንደ ሸክላ ይቀላ የነበረው ሰማያዊ እንደሆነ ቀረ። ጤና ረዳቱ «ስኳር የለም» አለው።

ደስ አለው፤ ልቡ ግን ገና አላረፈም። ከክሊኒኩ በቀጥታ በግ ተራ ሄደ። በአንድ ሙክትና በገዢው መሐል ገብቶ ጋቢውን አወለቀና «አያ አለነ፣ መጀመሪያ እኔን ይዩኝ» አለ።

አያ አለነ ክንዱን ጨበጡ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«ሥጋ ነው» አሉ። «ንጹሕ ሥጋ።»

ዋሴ በረጅሙ ተነፈሰ። ገዢው በነገሩ ተገርሞ «ለመሆኑ ይሄኛውስ ስንት ነው?» ሲል ቀለደ።

አያ አለነ የዋሴን ክንድ አልለቀቁም።

«ይሄ አይሸጥም» አሉ።