ዳማን የሚያበጥሩት አያ ሙሉቀን

ለአንድ ነገር ከልክ በላይ የሚጨነቅ ሰው በየሰፈሩ አይጠፋም። አንዱ መኪናውን ሲወለውል ይውላል፤ ሌላው አጥሩን በየሳምንቱ ይጠግናል። ለእኛ ሰፈር የደረሰን ውሻ የሚያበጥር ሰው ነው።

ጡረታ የወጡት የጂኦግራፊ መምህር አያ ሙሉቀን ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲል በርጩማቸውን ደጅ ያወጣሉ። ጸጉረ አጭሩ ቀይ ውሻቸው ዳማ ሳይጠራ መጥቶ ጉልበታቸው መሃል ይቆማል። የዕቃ ማጠቢያ የላስቲክ ጓንት ያጠልቁና ከአንገቱ እስከ ጅራቱ፣ ጸጉሩ በተኛበት በኩል፣ ቀስ እያሉ ያሹታል። የረገፈው ጸጉር ጓንቱ ላይ ይጠቀለላል። ከዚያ ጆሮውን በእርጥብ ጨርቅ፣ ከዚያ ጥፍሩን በሞረድ። ከተማችን ጎንደር የማዕረግ አገር ናትና እኔም «ሊቀ ሳሙና» ብዬ ሾምኳቸው። ሰፈሩ ሹመቱን በደስታ ተቀበለ።

«ምነው አያ ሙሉቀን፣ ይሄ ምን ጸጉር አለውና ይበጠራል?» ስላቸው፣ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ያዩኛል።

«ረጅም ጸጉር ይታያል፣ ይለቀማል። አጭሩ ነው ልብስ ላይ የሚሰካ። አታውቅም፣ ዝም በል።»

ገላውን የሚያጥቡት በወር አንዴ ነው። ያን ቀን ጎረቤታችን ጽጌሬዳ አጥር ላይ ብቅ ትላለች።

«እኛ የምንጠጣው አጥተን ለውሻ አንድ ጀሪካን ውሃ! ግፍ አይሆንም?»

«የራሴ የገላ ውሃ ነው። ዛሬ እኔ ሳልታጠብ እውላለሁ።»

«ያስታውቃል!» ብላ ትገባለች።

ባለፈው ኅዳር አንድ ቅዳሜ በደጃቸው ሳልፍ፣ ጓንቱን አውልቀው በባዶ እጃቸው ከዳማ የፊት እግር ሥር ሲዳስሱ አገኘኋቸው።

«ና እስቲ፣ እዚህ ጋ ንካ» አሉኝ።

በዕድሜዬ ውሻ ነክቼ አላውቅም። ነካሁ። ከቆዳው ሥር ሎሚ የሚያህል ጠጣር እብጠት አለ።

«ባለፈው ወር ሽምብራ ታህል ነበር» አሉ። «ስብ ናት ብዬ ናቅኋት።»

ሰኞ ወደ እንስሳት ሐኪም ልንወስደው ወጣን። ሦስት ባጃጆች ውሻ አንጭንም አሉን። አራተኛው፣ አያ ሙሉቀን ጋቢያቸውን ወንበሩ ላይ ሲያነጥፉ አይቶ፣ «ግቡ» አለ።

ተራ ስንጠብቅ ዳማ ጫማዬ ላይ ተኛ። አያ ሙሉቀን ሳልጠይቃቸው ማውራት ጀመሩ።

«ያመጣችው አማረች ናት» አሉ። አማረች የሞተችው ባለቤታቸው ናት። «ወለቃ የሸክላ ድስት ልትገዛ ሄዳ ቡችላ ይዛ ከች አለች። ተቆጣኋት። እሷ ከሞተች በኋላ ስድስት ወር ሙሉ እጄ ሕይወት ያለው ነገር ሳይነካ ከረመ። ሰው ይመጣል፣ እግዜር ያጽናህ ይላል፣ ይሄዳል። አንድ ቀን ይሄ ጸጉሩን ቢያራግፍብኝ ተናደድኩና ላባርረው አንገቱን ያዝኩት። ሞቀኝ። እየደባበስኩት ሳለሁ መሸ።»

ሐኪሙ ዶክተር ኢዮስያስ ወጣት ነው። የራጅ ፎቶውን አይቶ ወደ መሬት አቀረቀረ። «አባቴ፣ ሳንባው ድረስ ሄዷል። ከሚሠቃይ በመርፌ ማሳረፉ ይሻላል።»

«እስከ ቅዳሜ ይቆይልኝ?»

«ማስታገሻ እሰጥዎታለሁ። ቅዳሜ እኔው ቤት እመጣለሁ።»

ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ሲሆን በርጩማው ወጣ። ዳማ መቆም ስላቃተው እሳቸው መሬት ተቀመጡ። ጓንቱ እንዳያሳምመው በመዳፋቸው ብቻ አበጠሩት። ጆሮውን ጠረጉለት። ጥፍሩን ሞረዱለት፤ አንዷንም አልዘለሉም። ሐኪሙ ጥግ ይዞ፣ ሰዓቱን አንዴም ሳያይ ጠበቀ።

«በል እንግዲህ፣ ልጄ» አሉት ሐኪሙን በመጨረሻ።

ጓሮ ካለው የጌሾ ተክል ሥር ጉድጓዱን የቆፈርኩት እኔ ነኝ። ማዕረግ ሰጪው እኔ፣ አፈሩን ስመልስ አንዲት የምትረባ ቃል አላገኘሁም። ለውሻ ለቅሶ አይደረስም፤ ነፍስ ይማርም አይባልም። አካፋውን አስቀምጬ ልሄድ ስል በሩ ተከፈተ።

ጽጌሬዳ ናት። ነጠላዋን ለሐዘን አዘቅዝቃ ለብሳለች። ገብታ መሃል ግቢው ላይ ቆመች።

«አያ ሙሉቀን፣ ለዚህ ምን እንደሚባል አላውቅም» አለች።

«ምንም አይባልም። ተቀመጪ።»

አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጠች። አያ ሙሉቀን ድምፅ አውጥተው ያለቀሱት ያን ጊዜ ነው። እሷም አላባበለቻቸውም። እኔ መሄዴን ትቼ ተቀመጥኩ።